«አፈር ስሆን» የማይል ቻርጀር

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን የተቀመጥኩት ጉርድ ሾላ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የወሎ ሴት ናቸው፤ ጠገብኩ ማለት እሳቸው ዘንድ አይሠራም። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ይላሉ፤ እጄን ከማንሳቴ በፊት ጉርሻው አፌ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስመለስ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በጅቡቲ መንገድ ወጥተው ከትናንት ጀምሮ ድምፃቸው አልተሰማም። የአክስቴ ባትሪ ሊያልቅ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ቻርጀራቸው ደግሞ አልሠራ ብሏል።

«በኔ ታብሌት ቻርጀር እንሰካዋ» አልኩ።

«ያንን ጎረምሳ? ሊያፈነዳብኝ? የኔ ለስላሳ ነው፣ ስልኬን ለምዶታል። አሁን ቢበላሽብኝና ቢደውልስ?»

ሳቄ መጣ፤ ግን አይፈነዳም ብዬ የምምልበት እውቀት አልነበረኝም። ሁለቱን ቻርጀሮች ወደ መስኮቱ ወስጄ ጀርባቸው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለቱም አምስት ቮልት ይላሉ። የኔ ግን ከዚያ ቀጥሎ ከፍ ከፍ ያሉ ቁጥሮች አሉት። እነዚህ ለማን ናቸው? በስልኬ ፈልጌ የአምራቾቹን ማብራሪያ አነበብኩ። ቻርጀሩ የሚጀምረው በአምስት ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው የተሰካው ዕቃ ከጠየቀው ብቻ ነው። የአምፔሩ ቁጥርም ቻርጀሩ ቢበዛ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ይናገራል እንጂ በግድ አይገፋም። እኔ ደግሞ እስከዚያች ቀን ቻርጀር የሚያጎርስ ይመስለኝ ነበር።

«አክስቴ፣ ይሄ ቻርጀር እንደርስዎ አይደለም።»

«እንዴት?»

«አፈር ስሆን አይልም። ትሪውን ያቀርባል፣ ስልኩ የሚበቃውን ቆርሶ ይበላል።»

«ምን ዓይነት ባለጌ ቤት ነው፣ እንግዳውን ብላ የማይል!» አሉና ሳቁ። ስልኩን ግን አልሰጡኝም።

ያን ጊዜ ነው ለስላሳውን ቻርጀር ገልብጬ ያየሁት። ፕላስቲኩ አንድ ጎኑ ቀልጦ ጠቁሯል፣ የገመዱ አንገት ተልጧል፤ ሲያሸቱት የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

«ሲግል አይታወቅዎትም ነበር?»

«ይግላል። ሥራ ላይ ነው ብዬ ነዋ።» የቀለጠውን ጎን በጣታቸው ዳሰሱት። «ትራሴ ሥር አድርጌው ነው የምተኛው።»

ስልኩን ዘረጉልኝ።

ሽፋኑን አውልቄ፣ የኔ ገመድ አለመላላጡን አይቼ፣ ከሶፋው አርቄ ጠረጴዛው ላይ ሰካሁት። አክስቴ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፋቸውን የስልኩ ጀርባ ላይ አሳረፉ። «ለብ ብሏል» ይላሉ፤ ደግሞ ያነሳሉ፣ ደግሞ ያሳርፋሉ። እኔም ሳላስበው መዳፌን ቻርጀሩ ላይ አድርጌ ነበር። እሱም ለብ ብሎ ቀረ።

ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ደነገጥን። አክስቴ ገመዱን ነቅለው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ባላቸው ሚሌ ገብተዋል፤ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው ያደሩት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አክስቴ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያ ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ።

«በላህ? ምን ማለት ነው ጠግቤያለሁ? አፈር ስሆን፣ ጨምር!»