ዘጠኝ ካርድና አንድ ጫማ

በወንጪ መንገድ ላይ ለንሳን የሚያውቅ ሁሉ ቁጡ ናት ይላል። ቁጡስ ናት። ዳሩ ግን ስለ ቁጣዋ የሚያወራው ሰው ምን እንዳስቆጣት ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞራል፤ ከነገሩ ውስጥ እሱም እጁ አለበትና። ስለዚህ ከሥሩ ይነገር።

ትውልዷ ጉደር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሞቱና ትምህርቱ ቀረ፤ አምቦ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ልብስ ስፌት ተማረች። በሃያ ሁለት ዓመቷ መምህር ሚልኬሳን አገባች። የስፌት መኪናዋን በአይሱዙ አስጭና እሱ ወደሚያስተምርበት ደጋ ወጣች፣ ከቤቷ በር ላይም ተከለችው። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርምና የመዘምራኑን ጋውን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው አሳድገዋል፤ ልጅቷ ነቀምቴ ትማራለች።

ሚልኬሳ ደግሞ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ሰው ነው። የታመመ መምህር ክፍለ ጊዜ የሚሸፍነው እሱ፣ ለቀብር ድንኳን የሚተክለው እሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወንበር የሚሸከመው እሱ። ስኳር በሽታ ከተገኘበት ስምንት ዓመት ሆኖታል። ለንሳ ኢንሱሊኑ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ትቀብርለታለች፣ ምግቡን በሰዓት ትሰጠዋለች፣ ማታ ማታ እግሩን ታጥባለች። እሱ ለሰው ሲሮጥ እሷ እሱን ለማቆየት ስትሮጥ ነው የኖሩት።

በ2005 ዓ.ም. የመምህራኑ ደመወዝ በባንክ በኩል ሆነና ለያንዳንዳቸው ካርድ ተሰጣቸው። ለእነሱ የሚቀርበው የገንዘብ ማውጫ ማሽን ታች አምቦ ነው። ካርዱን የሰጠቻቸው የባንክ ሠራተኛ የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም እንዳትናገሩ፣ ለትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወረቀት ላይም ፈረሙ። ወሩ ሲያልቅ ግን አምቦ ወርዶ መሰለፍ ከሚልኬሳ በቀር ላሉት ስምንት መምህራን ከበዳቸው። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ጃርሶ ሚልኬሳን ቢሮ ጠርቶ፣ “ለመድኃኒትህ መውረድህ ካልቀረ” አለው። በዚህ ቃል ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ስምንት ሰው ካርዱን ከነቁጥሩ ለሚልኬሳ ይሰጣል፤ የእሱ ሲጨመር ዘጠኝ። ባዳ አይስማ የተባለውን ቁጥር አንድ በሽተኛ ሰው ተሸክሞት ዳገት ይወጣል፣ ዳገት ይወርዳል።

ለንሳ ይህን ያወቀችው በፕላስተር ነው። ለእግሩ የገዛችው ፕላስተር ቶሎ ቶሎ ያልቅባት ነበር። አንድ አርብ ከስፌቷ ተነስታ ስትገባ ሚልኬሳ በእሷው መቀስ ፕላስተሩን እየቆራረጠ፣ በየካርዱ ጀርባ እየለጠፈ፣ ስምና ቁጥር በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። የስምንቱን ቁጥር በቃሉ መያዝ አልቻለም፤ ማሽኑ ደግሞ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱን ይውጣል።

“ይኼ ሁሉ ቢጠፋ ማን ነው የሚጠየቀው?” አለችው።

“አምነውኝ ነው” አላት።

ያን ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችበት። መናኸሪያ ላይ ኪሱ የተበረበረውን መምህር ተሬፋን አስታወሰችው፤ ካርዱም ቁጥሩም አንድ ቦርሳ ውስጥ ነበሩና ሌባው በማግስቱ አንድም ሳንቲም አላስቀረለትም። እንዲያውም ተሬፋ ራሱ ያ ሁሉ ደርሶበት አሁንም አዲሱን ካርድ ከነቁጥሩ ይሰጣል። ሚልኬሳ ግን አታስቢ፣ ብሩን አንቺ በሰፋሽልኝ በውስጥ ኪሴ፣ ካርዶቹን ደግሞ ከብሩ ለይቼ ሌላ ቦታ ነው የምይዘው፤ ሌባ አንዱን ቢያገኝ ሌላውን አያገኝም አላት። የት እንደሚይዝ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም፤ በዚህ ዛሬም ራሷን ትረግማለች።

በዚያው ሰሞን ነው በቀኝ ውስጥ እግሩ፣ ከትንሿ ጣቱ ዝቅ ብሎ ቁስል የወጣው። በሽታው የእግሩን ስሜት ከወሰደበት ቆይቷል፤ እሾህ ቢገባበት አያውቅም። ለንሳ በየምሽቱ ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለች፣ በጣቶቹ መሃል ታደርቃለች፣ ቅባት ቀብታ በፋሻና በፕላስተር ታሽጋለች። በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ ይገጥማል፤ ደስ ሲላት ወር ይጠባና እንደገና ያመረቅዛል። አምቦ ክትትል ላይ ያለችው ነርስ ሲስተር አመለሸጋ፣ ይህ እግር ዳግመኛ ቢያመረቅዝ አጥንት ይነካል፣ አጥንት ከነካ ደግሞ መቁረጥ ነው፣ ሰፊ ጫማ ግዢለት አለቻት። ለንሳ አርባ ዩኒፎርም ሰፍታ ባገኘችው ገንዘብ ለስላሳና ሰፊ የቆዳ ጫማ ገዛችለት። ቁስሉ ግን በዚያ ጫማም ውስጥ ባሰበት።

ግራ ሲገባት ጥፋተኛ ፈለገች። የሚልኬሳ ወንድም ሌታ ንብ አናቢ ነው፤ ማር የሚያበላው እሱ መሆን አለበት ብላ ደመደመች። ቤቱ ድረስ ሄዳ በሚስቱ ፊት ወንድምህን ልትገድለው ነው ብላ አዋረደችው። ሌታ ዝም ብሎ ሰማት። ሁለት ወር ሰላምታ ሳይሰጣጡ ከረሙ።

ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ለንሳ ቀሚስ እየዘመዘመች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ኦቦ ጃርሶ ነው። አካም ቡልቴ ብሎ ሰላም እንኳ አላላትም።

“አዴ ለንሳ፣ ሚልኬሳ አምቦ ላይ ወደቀ አሉ። ካርዶቹ እጁ ላይ ናቸው?”

ለንሳ ስልኩን ዘጋችው። ባሏ መውደቁን በሰማችበት አፍታ ስለ ካርድ መጠየቋ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ እስከ መኪና መንገዱ ሮጣ፣ የጫት መኪና ጋቢና ውስጥ ገብታ ወረደች። በመንገድ ላይ ስልኩ አምስት ጊዜ ጮኸ፤ አምስቱም መምህራን ናቸው። አንዱ ብቻ፣ ወጣቱ ጉታ፣ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እሱም ቢሆን ከካርዱ ቀጥሎ።

የሆነው ይህ ነው። ሚልኬሳ ጠዋት መርፌውን ተወግቷል። ቁርሱን አምቦ ደርሶ ሊበላ ነበር፤ ሰልፉን ሲያይ ግን ተራዬን ልያዝ ብሎ ቆመ። ኔትወርክ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ሰልፉን ትቶ ዳቦ ሊገዛ ቢወጣ ስምንት ሰው ሳይከፈለው ሊቀር ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ በባዶ ሆዱ ቆመ። ስኳሩ ወረደ፤ አላበው፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ እግሩ ተብረከረከ። ከኋላው የቆሙት በጠዋቱ ሰክሯል አሉ። በዕድሜው አንድ ብርጭቆ ጠላ ያልቀመሰ ሰው! ጥበቃው በብብቱ ይዞ ከሰልፉ አወጣውና ፀሐይ ላይ፣ አጥሩ ሥር አስቀመጠው። ያዳነችው አንዲት ሙዝ ሻጭ ናት፤ እናቷ በዚሁ በሽታ ሞተውባት ኖሮ ምልክቱን ታውቀዋለች። ለስላሳ በግድ አጠጥታ፣ በባጃጅ ጭና ሐኪም ቤት አደረሰችው። ስሟን ሳትናገር ወደ ሙዟ ተመለሰች።

ለንሳ ስትደርስ ሚልኬሳ አልጋ ላይ ነቅቷል። አያት፤ የመጀመሪያ ቃሉ ካርዶቹስ የሚል ነበር። ያን ጊዜ ሲስተር አመለሸጋ የለንሳን እጅ ይዛ ወደ አልጋው ግርጌ ወሰደቻት። ሰፊው የቀኝ ጫማ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሲስተሯ የውስጡን ስፖንጅ በጓንት ገልጣ አሳየቻት። ከሥሩ ካርዶቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። የመካከለኛው ረድፍ ጠርዝ ስፖንጁን በልቶ ወጥቷል፤ ፕላስተሮቹ በደምና በመግል ርሰዋል።

“እህቴ፣ ይህን እዚህ የከተተው ማነው?” አለቻት።

ለንሳ ወሮቹን ወደ ኋላ ቆጠረች። ቁስሉ የሚገጥመው ካርድ በማይያዝበት ሳምንት፣ የሚያመረቅዘው ካርድ በተያዘ ማግስት ነበር። ባሏ ዘጠኙን ካርድ ረግጦ ከመኪና መንገዱ እስከ ቤቱ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሩ ይሄዳል፣ አይሰማውም። እግሩ ይስፋው ብላ የገዛችው ጫማ ለካርዱ ነው የሰፋው። ቁስሉን የምታሽግበት ፕላስተርም ለካርዱ ነው የሄደው። እሷ ደግሞ ማር ነው ብላ ሰው ስታዋርድ ከርማለች።

አጥንቱ ተነክቶ ኖሮ በሳምንቱ ትንሿ ጣቱና ከጎኗ ያለችው ተቆረጡ። ሐኪሙ አሁን የቀረውን እግርና ግራውን ጠብቁ፣ በየቀኑ ሁለቱንም አገላብጣችሁ እዩ ብሎ ለቀቃቸው። ለንሳ ቤት በገባች ማግስት ሌታ ዘንድ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ወዲያው ደግሞ ያን ሁሉ ስድብ ዝም ብለህ የሰማኸኝ ለምንድነው ብላ እንደገና ተቆጣችው። ሌታ ሳቀ።

የግንቦት ደመወዝ በገባ ቅዳሜ ከሰዓት ኦቦ ጃርሶ፣ ጉታና ተሬፋ ሊጠይቁ መጡ። ለስኳር በሽተኛ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘው ነው የመጡት። ለንሳ ስኳሩን ተቀብላ አስቀመጠች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ፈተናው ተወራ። በመጨረሻ ጉታ አንገቱን እያሻሸ በላስቲክ የታሰሩ ስምንት ካርዶች ከኪሱ አወጣ። ከየጀርባቸው አዲስ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ይኼኛው ከትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን የመጣ ነው።

“ለክትትሉ መውረድሽ ካልቀረ” አላት።

ለንሳ ተነስታ ጓዳ ገባች። የቀኙን ጫማ፣ ደሙ የደረቀበትን፣ አምጥታ ከካርዶቹ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“የካርዱ ቤት ይኼ ነው። አርባ ሁለት ቁጥር ነው። ማን ይለካው?”

ጉታ ጫማውን አየና ፊቱን መለሰ። ተሬፋ ላስቲኩን ፈትቶ የራሱን ካርድ ፈልጎ ኪሱ ከተተ፤ ኦቦ ጃርሶም የራሱን አነሳ፤ የቀሩትን ጉታ ሰበሰበ። ሚልኬሳ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ እንግዶቹ ፊት መዋረዱ ከጣቶቹ ይልቅ ያመመው ይመስላል። ኦቦ ጃርሶ ግን ሽማግሌ ነውና ነገሩን አበረደ። ወንድማችንን ጸልየንለት እንሂድ አለ። ወደ አልጋው ቀርቦ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ጫነ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ስለ ትዕግሥትና ስለ ቤት ሰላምም አነሳ። ለንሳ ደሟ እየፈላም ቢሆን ዓይኗን ጨፍና አሜን አለች። ወጡ።

እሷም ውሃ ለብ አድርጋ፣ ሳህኑን አልጋው ሥር አቀረበች። መጀመሪያ ቀኙን ፈታ አየች፤ ደርቋል፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ የግራውን ካልሲ ሳበች። አንድ ካርድ ወለሉ ላይ ወደቀ። ፕላስተሩ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት የኦቦ ጃርሶ ስምና አራት ቁጥር ተጽፏል።

“ስንጸልይ ነው?” አለችው።

ሚልኬሳ ጣራውን እያየ፣ “እምቢ ማለት አፈርኩ። የእሱን ብቻ ነው” አለ።

ለንሳ ካርዱን አንስታ ወጣች። ሦስቱ ገና ከአጥሩ አልራቁም። መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል፤ አህያ የሚነዳ፣ ድንች የተሸከመ፣ በፈረስ የሚያልፍ። በሩ ላይ ቆመች።

“ኦቦ ጃርሶ፣ ካርድዎን ረስተዋል” አለች። ሰዉ ዞረ። ለንሳ ካርዱን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በመዝሙር ጊዜ በምታወጣው ድምፅ፣ ፕላስተሩ ላይ ያለውን አነበበችው። “ሦስት። ሰባት። ሰባት። አንድ።” ያልሰማ እንዳይኖር አንድ ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ካርዱን የአጥሩ እንጨት ላይ ሰክታ ተመለሰች። ኦቦ ጃርሶ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት አልተገኘም፤ ቁጥሩን ሊያስቀይር በገዛ እግሩ አምቦ ወርዶ ነበር።

ስትገባ ሚልኬሳ ሁሉንም ሰምቷል።

“አዋረድሽኝ” አላት።

ለንሳ ክርኗን ሳህኑ ውስጥ ነክራ የውሃውን ሙቀት ለካች።

“እግርህን አምጣ” አለችው።