የመገኘት ፊርማ

ዋፊቃ አብዱናሲር እስከ ሃያ ሦስት ዓመቷ ፖለቲካ የሚባለውን ነገር የምታውቀው በኮፒ ማሽኗ በኩል ብቻ ነበር። አዳማ ውስጥ በምትሠራበት ኮፒ ቤት የቀበሌው ወረቀት ሁሉ ይባዛል፤ እሷም ሳታነብ ታባዛለች። ስብሰባ ሲጠራ ሄዳ ትፈርማለች፣ የታሸገ ውሃዋን ትቀበላለች፣ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ማን ይፈርድባታል? የሰፈሩ ወጣት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አስቸገራት። ጎትታ ስታወጣው ዓይኗ ቃለ ጉባኤው ላይ አረፈ። «ከጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው የባጃጅ ተራ ወደ አስፋልቱ ማዶ እንዲዛወር ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ይላል። ከሥሩ የስም ዝርዝር ተያይዟል። ዐሥራ አራተኛው ስም የእሷ ነው፤ ፊርማውም የገዛ እጇ።

ደሟ ፈላ። የእናቷን የወይዘሮ ሑስናን እግር ስኳር አቁስሎት በሳምንት ሦስት ቀን የሚታጠብላቸው እዚያው ጤና ጣቢያ ነው። ተራው ከተዛወረ ከባድ መኪና የሚከንፍበትን አስፋልት በዚያ እግራቸው ሊሻገሩ ነው። ወጣቱን ፖለቲካ ውስጥ የሚከተው መፈክር ነው የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ። ዋፊቃን የከተታት ንዴትና እፍረት ነው።

ወዲያው ስብሰባውን ወደመሩት ሰው ሄደች። «ኦቦ ደገፋ፣ እኔ መገኘቴን እንጂ መስማማቴን አልፈረምኩም እኮ!»

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ አንድ ነው» አሏት ሳይቆጡ። «ቅሬታ ካለሽ ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ መጥተሽ ተናገሪ። ግን እናንተ ወጣቶች ፈርማችሁ ከመውጣት በቀር መች ትቀመጣላችሁ!»

ነገሩ እውነት ስለሆነ አንገበገባት።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። የመገኘት ወረቀቱ ላይ ፈርማ ከፊርማዋ ጎን «ተገኝቻለሁ፤ አልተስማማሁም» ብላ ጻፈች። ከኋላዋ የቆመው ባጃጅ ነጂው ቀነዓ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ወይ ጉድ! እንዲህ ይቻላል እንዴ?»

«ማን ከለከለህ?»

ሳቀና ያንኑ በኦሮምኛ ጻፈ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው አደረገ፤ ወረቀቱ መድረኩ ጋ ሲደርስ ባዶ ፊርማ የቀረው ለምልክት ያህል ብቻ ነበር።

ኦቦ ደገፋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አነበቡ። «እና አሁን ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«የተባለው ይጻፋላ!» አለች ዋፊቃ ተነሥታ። «ከፈቀዱልኝ ዛሬ ቃለ ጉባኤውን እኔ ልያዝ።»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጸሐፊውም ወንበሩን ለቀቀላት። ደስ ብሏታል። ቀኑን ጽፋ ቀና አለች። «መጀመሪያ ማን ይናገር?»

ከፊት ረድፍ እናቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ስም ከነአባት?» አለች ዋፊቃ፣ በደንቡ መሠረት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እናቷ ግን አልሳቁም። «ሑስና እንድሪስ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አልተስማማሁም። ጻፊው።»