ግራ እጄ አልጨበጥ ያለ ጊዜ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር የሴቶች ጸጉር እሠራ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ጸጉር ሳጥብ፣ ቀለም ስቀባ፣ የፐርማነንት መድኃኒት ስነካካ እጄ ተሰነጣጥቆ ይደማ ጀመር። ማሳከኩስ ይቅር፣ መጨበጥ አቃተኝ።

በቀበሌ ስብሰባ ደግሞ መፈክር ሲባል ግራ እጅ ተጨብጦ ይነሣል። የእኔ ጣቶች እንደተከፈቱ ይቀራሉ። አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን አቋርጠው፣ "ጓድ፣ ጡጫሽ ለምን ግማሽ ሆነ?" አሉኝ።

"አልታጠፍ ብሎኝ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ቆስሏል።"

"አብዮቱም ቆስሏል፤ ግን ይጨብጣል።"

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብም አልቻልኩም፤ ይህንንም አዩብኝ። ደነገጥኩ። የምሠራባት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት፤ ከቀሙኝ ልጆቼን ምን አበላለሁ?

የጤና ጣቢያው ድሬሰር እጄን እያገላበጠ፣ "ቀለበትሽን አውልቂ፣ ሥሩ ሳሙና ይይዛል። ቫዝሊን ተቀቢ። የፐርማነንቱን መድኃኒት ያለ ጓንት እንዳትነኪ" አለኝ። ጓንት ከየት ይምጣ? ለሊቀመንበሩ ብነግራቸው ነገሩን የአብዮት ጉዳይ አድርገው ያዙትና፣ የጀልባ ሞተር ከሚጠግኑ ሰዎች ጥቁር የጎማ ጓንት አመጡልኝ። እስከ ክርኔ ይደርሳል፤ የጣቶቹ ጫፍ ባዶውን ይንጠለጠላል። አጥቤ በእሱ ስሠራ ከረምኩ። እውነትም ቁስሉ ይደርቅ ጀመር።

ደንበኞቼ ግን አኮረፉ። አንዷ ቅማል አየሽብኝ ወይ አለችኝ። በአብዮት በዓል ዋዜማ የሊቀመንበሩ ባለቤት ጸጉር ሊሠሩ መጡና፣ ግማሹን ጠቅልዬ መድኃኒቱን ለመቀባት ጓንቱን ሳጠልቅ ሲያዩ ከወንበሩ ብድግ አሉ።

"እኔ ሬሳ ነኝ በጎማ የምትነካኪኝ?"

"ኧረ እትዬ፣ እጄ እንዲድን ብየ ነው። ባለቤትዎ ናቸው ያመጡልኝ" አልኋቸው።

"እሱ ስለ ጸጉር ምን ያውቃል? አውልቂው።"

አላወለቅኩም። ፈርቼ ነበር፤ ግን እጄ አሳዘነኝ። እሳቸውም ግማሹ ጸጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ሻሽ ጣል አድርገው ወጡ።

በማግስቱ በበዓሉ ላይ ከመድረኩ ሥር ቆሜ መፈክሩ ሲባል ግራ እጄን አነሣሁ። ጣቶቼ በሙሉ ታጠፉ። ደስ አለኝ፤ ሊቀመንበሩ እንዲያዩልኝ ከፍ አደረግኩት። እሳቸውም ጡጫዬን አዩ፤ ቀጥለው አጠገባቸው ፊታቸውን አጥቁረው የተቀመጡትን የሚስታቸውን ሻሽ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ፣ "እጅሽን አውርጂ" አሉኝ።