የጋሼ ፀጋዬ የሳማ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ሲያትል ውስጥ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቀይ መብራት ያዘኝ። በቀኜ በኩል ካሉት ሱቆች አንዱ ማሪዋና ይሸጣል። በመስኮቱ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ተክሉ ያለ ምንም ኬሚካል፣ በቤት ውስጥ በተብላላ የዕፅዋት ጭማቂ ብቻ ያደገ ነው ይላል። ከጽሑፉ ሥር የሳማ ቅጠል ተስሏል። ሰዎች ዳቦ ቤት እንደሚገቡ ሆነው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ያወቅሁት ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጡሩምባ ሲነፋብኝ ነው።

ያን ጭማቂ አውቀዋለሁ። ሽታውን አውቃለሁ፣ እጅ ላይ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጣበቅም አውቃለሁ። ያወቅሁት ግን እንዲህ ያለ ሱቅ ይከፈታል ብሎ ማንም በማያስብበት ጊዜ፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቢከን ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ በጋሼ ፀጋዬ ጓሮ ነው።

ያኔ ከኮረብታው ሥር ለባቡሩ ዋሻ እየተቆፈረ ነበር። መንገዱ ግማሹ ታጥሮ፣ የጭነት መኪና ጎማ ያመጣው ጭቃ እስከ በራችን ይደርስ ነበር። እኔ ቀን ቀን የችግኝ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ፣ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ እማራለሁ፤ የምኖረው ጋሼ ፀጋዬና ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይቼ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ጋሼ ፀጋዬ አገር ቤት የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ነዱ። ስለ ቀድሞ ሥራቸው ብዙ አያወሩም ነበር፤ ስጠይቃቸው ስለ አፈር ይነግሩኝና ስለ ሰዎቹ ሲደርሱ ወሬ ይለውጣሉ።

ስልሳ ዓመት ሲሆናቸው ጨጓራቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ኬሞ የሚሉት የካንሰር ሕክምና ከበሽታው ባሰባቸው። እትዬ አሰለፈች አጥሚት ያፈላሉ፣ የዶሮ ሾርባ ይሠራሉ፣ ሩዝ በወተት ይቀቅላሉ፤ ሳህኑ ሲቀርብ ግን ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ይበሱ ነበር። በዚያ ክረምት መጨረሻ የበሱትን ቆጥሬ አራት አገኘሁ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ከሕክምና መልሻቸው መኪናውን ቤቱ ፊት ፓርክ አደረግሁ። በሩን ልከፍትላቸው ስል ያዙኝና ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ሐኪማቸው የፈረመበት ነው። ለማቅለሽለሹና ለምግብ ፍላጎታቸው ማሪዋና እንዲጠቀሙ፣ ለራሳቸው የሚሆን ጥቂትም እንዲያበቅሉ ይፈቅዳል።

“ከመንገድ ላይ አልገዛም” አሉኝ። “ምን እንዳጠጡት፣ ምን እንደረጩበት አላውቅም። ራሴ አበቅለዋለሁ፤ ጉልበቱ ግን የለኝም። ጉልበቱ ያንተ ይሁን።”

እሺ አልኳቸው። አሁን ሳስበው ፈጥኜ እሺ ያልኩት ለእሳቸው ብዬ ብቻ አልነበረም። ኮሌጅ ውስጥ ስለ ተክል እየተማርኩ ነበር፤ አንድ እውነተኛ አዋቂ እጄን ይዞ እንዲያሳየኝ ፈልጌ ነበር። ለእትዬ አሰለፈች ቲማቲም ነው እንድንላቸው ተስማማን።

የመጀመሪያው ሥራችን ሳማ መልቀም ነበር። ከኮረብታው በስተምሥራቅ ቁልቁል የሚወርደው ጫካ ውስጥ፣ ዝናቡ በማይቆምበት በዚያ ወር፣ ሳማው ጉልበት ድረስ ያድጋል። ጋሼ ግንድ ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው ያመለክታሉ፣ እኔ ወፍራም ጓንት አድርጌ ጫፍ ጫፉን እቀጥፋለሁ። ፀሐይ ሳይመታው መለቀም አለበት፤ መታጠብም የለበትም፣ የሚያብላላው ነገር ቅጠሉ ላይ ነው ይሉኝ ነበር። ቤት ወስደን እንከትፈዋለን፣ በክብደቱ ልክ በሆነ ቡናማ ስኳር እናሸዋለን፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቀን አፉን በወረቀት እናስረዋለን። በሳምንቱ ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ይወጣዋል። ተክሉን ለምናጠጣው አንድ ባልዲ ውሃ አንድ ማንኪያ ይበቃል። ተክሉ ወደ ማበቡ ሲቃረብ ደግሞ ሳማውን ትተን የሙዝ ልጣጭና የበሰለ ፓፓያ በዚያው መንገድ እናብላላለን። ከሱቅ የመጣ ማዳበሪያ፣ ከሱቅ የመጣ መድኃኒት ወደ ጓሯቸው እንዳይገባ አጥብቀው ነግረውኛል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም የበሽተኛ ጥንቃቄ አድርጌ ወሰድኩት።

የቲማቲሙ ታሪክ ሦስት ሳምንት አልቆየም። እትዬ አሰለፈች የገበሬ ልጅ ናቸው። ከጓሮው ዛፎች ጀርባ በላስቲክ ወደሸፈንናት ትንሽ ቤት ገብተው የተከልናቸውን ስድስት ችግኞች አዩ፣ አንዱን ቅጠል በጣታቸው አሹ፣ ወጡ። ማታ እራት ላይ “ሐሺሽ መሆኑን አውቄዋለሁ” አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጋሼ የሐኪሙን ወረቀት አሳዩአቸው። ወረቀቱን ሳያነቡት መለሱላቸውና ከዛሬ ጀምሮ ወደዚያ ወደ ጓሮው እንደማያዩ ተናገሩ። እውነትም አላዩም። ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ እንኳ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው።

ግን አፍንጫቸውን ማዘዝ አልቻሉም። ለበዓል ጠላና ጠጅ ለግማሽ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰው የሚጥሉት እሳቸው ነበሩ። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን እኔ ጠርሙሶቹን ስነካካ በወጥ ቤቱ መስኮት፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ በግራ በኩል ያለው መሻገቱን፣ ስኳር አንሶት እንደሆነ፣ መድፋት እንዳለብኝ ነገሩኝ። ከፍቼ አሸተትኩት። ልክ ነበሩ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ ሆዳቸውን አሳመማቸውና አቆሙ።

በጋው ጥሩ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ሲያትል ላይ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ብርሃን አለው፤ በየአጥሩ የበቀለው ጥቁር እንጆሪ እጅ ያቀልማል። ተክሎቹ ከእኔ ቁመት አለፉ። ጋሼ በየጠዋቱ ወንበራቸውን ወስጄላቸው ከፊታቸው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ቀን አንድ ቃል ሳንነጋገር ሰዓት ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ከዚያ በኋላ ከብዙ ሰው ጋር አልገጠመኝም።

መስከረም መጀመሪያ ላይ ትኩሳት ያዛቸውና ሆስፒታል ተኙ። በዚያው ሳምንት ቅጠሎቹ ነጭ ነጠብጣብ ማውጣት ጀመሩ። ገልብጬ ሳይ ከሥራቸው ቀጭን ድር፣ በድሩ ላይ ዓይን በግድ የሚያያቸው ተባዮች ይርመሰመሳሉ። በውሃ አጠብኩ፣ በሳሙና ውሃ አጠብኩ፤ በሁለተኛው ቀን በዙ። ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ሆስፒታል ኮል አድርጌ ጋሼን እንዳልጠይቃቸው፣ እትዬ አሰለፈች ሥራ በሚሉት ነገር እንዳላስጨንቃቸው ነግረውኛል። ወይም ይህን ምክንያት አደረግሁት።

ከምሠራበት መሸጫ አንድ ጠርሙስ አመጣሁ። ለአበባና ለአጥር ተክል የሚረጭ መድኃኒት ነው፤ ደንበኞች ሲጠይቁኝ በየቀኑ ከመደርደሪያ አውርጄ የምሰጠው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስድስቱንም ረጨኋቸው። እሑድ አንድም ተባይ አልነበረም። ጠርሙሱን ልጥለው ስል ነው ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበብኩት፤ በሚበላ ነገር ሁሉ ላይ እንዳይረጭ ይከለክላል።

ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጡ ከበፊቱ ከስተዋል። ኮታቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። አበባውን ዝቅ አድርገው አሸተቱት፣ ቅጠሉን ገለበጡት፣ ቀና ብለው አዩኝ።

“የተክል እጅ አለህ” አሉኝ።

ያን ቀን ስለ ረጨሁት መድኃኒት አልነገርኳቸውም፤ በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብቼ ለእትዬ አሰለፈች ነገርኳቸው። ስለዚያ ተክል ቃል እንደማይሰሙ ስለማውቅ፣ በቁጣ እንዲያባርሩኝና ነገሩ በዚያ እንዲያልቅ የፈለግሁ ይመስለኛል። እሳቸው ግን ቢላዋቸውን አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ።

“ሰው ይጎዳል?” አሉ።

“ጤነኛ ሰው ላይጎዳ ይችላል። እሳቸውን ግን አላውቅም።”

“እንግዲያው ንገራቸው። እኔ ብነግራቸው ያዝናሉ፣ አንተ ብትነግራቸው ይቆጣሉ። መቆጣቱ ይሻላቸዋል።”

አልተቆጡም። ሳሎን ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። ነግሬያቸው ስጨርስ ጠርሙሱን አምጣው አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ከፊቱም ከጀርባውም ያለውን ሁሉ፣ አንድ መስመር ሳይዘሉ አነበቡት። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። እኔ ቆሜያለሁ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና በጠየቅኋቸው ጊዜ ሁሉ ሲሸሹት የነበረውን ነገሩኝ።

ወጣት ባለሙያ ሳሉ፣ ክፉ በሆነ ዓመት፣ ለገበሬዎች የዘር ስንዴ አከፋፍለው ነበር። ስንዴው ነቀዝ እንዳይበላው በመርዝ የታሸ ነው፤ መልኩ እንኳ ወደ ቀይ ያደላል። ለመዝራት ነው ብለው ሰጡ። አትብሉት ማለት ግን አልታሰባቸውም፤ ዘር የሚበላ ሰው ይኖራል ብለው አልገመቱም። አንድ አባወራ ልጆቹ ሲያለቅሱበት አጥቦ አስፈጭቶ አበላቸው። ሁለቱ ሞቱ።

“ጆንያው ላይ ተጽፎ ነበር” አሉኝ። “በእንግሊዝኛ። ከዚያ ሁሉ ሰው ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።”

እሳቸው መልስ አልጠበቁም። ቀጥለው ስድስቱንም ነቅዬ እንድጥላቸው ነገሩኝ። አንዱን እንኳ እናስመርምረው ይሆን ብዬ ጠየቅሁ፤ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ ጓሮው ድረስ ተከትለውኝ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። የተክሎቹ ሥር ከጠበቅሁት በላይ ጥልቅ ነው፤ ጭቃው እንደያዛቸው አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ስድስት ወር ያሳደግሁትን ለመንቀል ግማሽ ሰዓት አልወሰደብኝም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግድ የለም አላሉኝም። ጥፋትህ ነውም አላሉኝም።

በሳምንቱ እትዬ አሰለፈች ወደ ቤዝመንት ወረዱ። በአንድ እጃቸው የቡናማ ስኳር ከረጢት፣ በሌላው የሳማ ጫፍ የሞላ ላስቲክ ይዘዋል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ሳማው እንደገና ለጋ ቅጠል አውጥቶ ኖሯል፤ ብቻቸውን ጫካ ወርደው ለቅመው ነው። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው በሳማ ተለብልቦ ቀልቷል። ጋሼ ከኬሞው ይልቅ ተክሎቹ ከተነቀሉበት ቀን ወዲህ እየከሱ እንደሆነ፣ በመኖሪያዬ ክፍል የተክል ማሳደጊያ መብራት አድርገን እንደገና እንድንጀምር፣ ማብላላቱን ግን ለእኔ እንደማይተዉት ነገሩኝ። ለንስሐ አባታቸው ነግረው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ነግሬያለሁ አሉ። አባ ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ያን ክረምት አልጋዬን ወደ ጥግ ገፍቼ ከሦስት ተክል ጋር ኖርኩ። የካቲት ውስጥ ሰበሰብናቸው። ጋሼ ማጨስ አይሆንላቸውም ነበር፤ እትዬ አሰለፈች አበባውን በቅቤ አነጠሩት። ቅቤ ማንጠር የሚያውቅ ሰው እያለ ኢንተርኔት ላይ ምን ትፈልጋለህ ብለው ከምድጃው ገፉኝ። ያን ቅቤ ቂንጬ ላይ ጠብ አድርገው ሰጡአቸው። ጋሼ ቀስ ብለው በሉ፣ ቆም አሉ፣ ደግሞ በሉ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሦስታችንም ሳህኑን አየነው። ተክሉ ይሁን፣ በዚያ ወር የተለወጠው ሕክምና ይሁን፣ እኔ እንጃ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምሳቸውን እየበሉ።

እትዬ አሰለፈች አሁን ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር የአረጋውያን አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዕቃ አደርስላቸዋለሁ። ስለዚያ ዓመት አናወራም። እኔ ግን በሕይወቴ ውስጥ ላጠፋሁት ጥፋት ብዙ ሰው ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አብዛኛው ሰው ግድ የለም ብሎኛል፤ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያንን ቀን ያልረሳሁት ጋሼ ፀጋዬ ነገሩን ሳያሳንሱትም ሳያገዝፉትም፣ በመጠኑ ልክ ስለተቀበሉኝ ይመስለኛል። ያንን የተረዳሁት አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ በር ላይ ቆማ፣ መኪና ስትነዳ የጎረቤት መኪና ገጭታ ዝም ብላ መሄዷን በእንግሊዝኛዋ እየቆራረጠች ነገረችኝ። ግድ የለም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ወንበር ሳብኩላት።

“ተቀመጪ” አልኳት። “ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ከዚያ አብረን ሄደን ለጎረቤቶቹ እንነግራቸዋለን።”