የአስታራቂው ስኳር

ሲ ቡሽታ በሕይወቱ ሚስቱን መትቶ አያውቅም። ይህን ራሱ ይናገረዋል፤ ሳይጠየቅም ይናገረዋል። የእሱ ሥራ የሚመቱትን ማስታረቅ ነበር። ከሞሮኮዋ ከተማ ከፌስ ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማ አንድ ባል እጁን አንስቶ ሚስቱ ወደ አባቷ ቤት ስትሸሽ፣ የባል ዘመዶች በማግስቱ የሚያንኳኩት የቡሽታን በር ነው። እሱም ነጭ ጀላቢያውን ይለብሳል፣ ጢሙን ያበጥራል፣ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለውን ሾጣጣ ስኳር ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣል።

በዚያ አገር ስኳር ያልቀረበበት ይቅርታ ከይቅርታ አይቆጠርም። ለእጮኛም ስኳር ይሄዳል፣ ግን ከሂናና ከከበሮ ጋር ነው። ለለቅሶም ይሄዳል፣ እሱን ግን ሴቶች ተሰብስበው ነው የሚወስዱት። አንድ ሽማግሌ ብቻውን አንድ ስኳር ይዞ በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ ያየ ሰው የሚጠይቀው የማን ሚስት እንደተመታች ብቻ ነው። ቡሽታ በዚህ ላይ ከራሱ አንድ ነገር ጨምሯል፦ ወረቀቱን በአረንጓዴ የሱፍ ክር ያስረዋል። ዕርቁ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት።

ዘዴውም ረቂቅ አልነበረም። ለአባትየው ስለ ጎረቤት አፍ ይነግረዋል። ለእናትየው ስለ ልጆቹ ያነሳባታል። ለተመታችው ሴት ግን ምንም አይላትም። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ሴቶች ሲናገር ኖረ እንጂ ከአንዷም ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። ከዚያ ቡና ቤት ተመልሶ የማን ጥርስ እንደወለቀ፣ የማን ክንድ እንደታሰረ፣ እሱ ደግሞ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንዴት እንደጨረሰው ይተርካል። ማታ ያንኑ ለሚስቱ ለላላ ሀንያ ይደግመዋል። ግማሹ ላይ ሲደርስ እሷ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ቡሽታ ሥራ በዝቶባት ይመስለዋል።

ሴቶችን ከጥቃት የሚጠብቀው አዲስ ሕግ ከዋና ከተማው ከራባት ሲወጣ በቡና ቤቱ የነበሩ ባሎች ትንሽ ደነገጡ። ቡሽታ ግን ሳቀ። የሕግ ነገር በሬዲዮ ይቀራል፣ ሴትን ወደ ቤቷ የሚመልሳት ስኳር ነው አላቸው። ሞኝ ነበር፣ ግን ከሕግ አውጪዎቹ በጣም የራቀ ሞኝ አልነበረም። በተዘጋ በር ውስጥ ለተደረገ ነገር ምስክር አምጪ የሚል ሕግ፣ ለተበዳዩ ጎጆ ሠርቶለት በር ማውጣት እንደሚረሳ አናጢ ነው። ሰዎች ፍትሕን በወረቀት ላይ አሳምረው ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚደክማቸው እዚያች የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ነው።

ያምና የጂላሊ ሚስት ናት። ጂላሊ የወይራ መጭመቂያ አለው፣ ክንዱም እንደ መጭመቂያው ነው። ሁለት ጊዜ ወደ አባቷ ሸሽታ ሁለት ጊዜ ከሰሰችው። ሁለቱንም ጊዜ ስኳሩ መጣ፣ አባቷ ተቀበለ፣ ክሱ ተነሳ፣ እሷም ወደ ባሏ ተመለሰች። በሦስተኛው ስኳሩ መጣ፣ አባቷም ተቀብሎ ሻይ ተጠጣ፤ ያምና ግን አልተመለሰችም፣ ክሷንም አላነሳችም። አባቷ ሲቆጣት፣ ስኳሩን የተቀበለው ይመለስ አለችው።

ይህ ለቡሽታ በዕድሜው ያልደረሰበት ውርደት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሐሙ በቡና ቤቱ መካከል፣ "ሐጅ፣ ዘንድሮ ስኳሩ አልሟሟ አለ እንዴ?" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቡሽታ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ወጣ።

ችሎቱ በዋለበት ጠዋት ጂላሊ ቡሽታ ቤት ድረስ መጣ። ያምና ከደረጃ ወድቄ ነው የተጎዳሁት እንድትል ሊያደርጋት አልቻለም፤ ስለዚህ እሱ ራሱ ወደቀች ሊል ነው። የፊተኞቹም ክሶች ውሸት ነበሩ ሊል ነው። ሐጅ ከተጠየቀ ስኳሩን የበዓል ስጦታ ነው ቢለው ይበቃል። ቡሽታ እሺ አለው። መዋሸት አላሳፈረውም፣ ለሰላም ነው።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ጂላሊ ጠዋት ያሰበውን አለ። ጠበቃውም ያየ ሰው ይቅረብ አለ። ያየ ሰው የለም። ያን ጊዜ ያምና ዘንቢሏን ከፍታ ሦስት ስኳሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ወረቀታቸው አልተቀደደም፣ አረንጓዴ ክራቸው አልተፈታም። አባቷ ቤት በየጊዜው የተፈላው ሻይ የቤቱ ስኳር ነበረበት። የዕርቁን እሷ ደብቃዋለች። መጀመሪያ ላይ ምክንያት አልነበራትም፣ ከጉሮሮዋ አልወርድ ስላላት ብቻ ነው። ቡሽታ ደግሞ ሻዩን ሲጠጣ ከየት ጣፈጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም።

ዳኛዋ ወደ ፊት አስጠራችው። "ሐጅ፣ ይህ ክር የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው፣ ልጄ።"

"ልጅዎ አይደለሁም። ስኳሩን ለምን ወሰዱላቸው?"

"የበዓል..." ብሎ ጀመረ። የጂላሊ ጠበቃ ሊያግዘው ፈጠን ብሎ፣ "ክብርት ዳኛ፣ እኚህ አባት ሻይ ይወዳሉ። ጎረቤት ሲጠይቁ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ከዚያ ያለፈ ቁም ነገር የላቸውም" አለ። ከኋላ ወንበር ሐሙ በአፍንጫው ሳቀ።

ቡሽታ ዞር ብሎ ሐሙን አየው፣ ጠበቃውንም አየው። ፊቱ ቀላ።

"እኔ ሻይ ፍለጋ ሰው ቤት የምዞር ሰው አይደለሁም" አለ ስኳሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየጠቆመ። "ይሄ ጥርሷን የሰበራት ጊዜ ነው። ከንፈሯ አብጦ አፏ አይከፈትም ነበር። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አስታረቅኋቸው። ይሄ ክንዷን የሰበራት ጊዜ። ይሄ የአሁኑ ነው፤ ይኸው ጂላሊ እግሬ ላይ ወድቆ፣ 'ሐጅ፣ በመዶሻ እጀታ መትቻታለሁ፣ አውጣኝ' ብሎ አልቅሷል። ማን ነው ቁም ነገር የሌለው? ከኔ ሌላ ማን ይችለው ነበር?"

ጂላሊ ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛዋ ቃሉ እንዲጻፍ አዘዘች፣ ቡሽታም ፊርማውን አሳምሮ ፈረመ። አንድ ጊዜ እውነት ተናገረ፣ እሱንም የተናገረው በትዕቢቱ ነው። ጂላሊ ወደ እስር ቤት ሲወሰድ እንኳ ቡሽታ ራሱ ምን እንዳደረገ ገና አልገባውም ነበር።

የፍርድ ቤቱ በር ላይ ያምናን ጠበቃት። ምስጋና ነበር የጠበቀው። እሷ ችሎቱ ከመለሰላት ከሦስቱ ስኳሮች አንዱን ከዘንቢሏ አውጥታ ብብቱ ሥር አስገባችለት።

"ለላላ ሀንያ ይስጡልኝ" አለችው። "ይህን ሁሉ ዓመት ሲያወሩ የሰማችዎ እሷ ናት። ለሷ ስኳር ያመጣላት የለም።"

ቡሽታ በገበያው መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ አንድ ስኳር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ቀና ቀና አሉ። በየትኛው መንገድ እንደሚታጠፍ እያዩ፣ የማን ሚስት እንደተመታች ይጠያየቁ ጀመር። ወደ ራሱ በር ሲታጠፍ ግን ዝም አሉ።

ላላ ሀንያ ከፈተችለት። ስኳሩን አየች፣ እሱንም አየችው። ከማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ተቀበለችው፣ አረንጓዴውን ክር ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችለት፣ ስኳሩንም ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ቡሽታ ጀላቢያውን ሳያወልቅ ተቀመጠና ሻይ እስኪመጣለት መጠበቅ ጀመረ።