ከሥጋው ሥር ያለ ዛጎል

ሙዚየማችን ውስጥ ብልቃጥ እንላታለን። ሠላሳ ዓመት የባሕር እንስሳት የተነከሩባቸውን ብልቃጦች ስታጥብ፣ የጎደለ አልኮል ስትሞላ፣ እውነተኛ ስሟን ራሷም የረሳችው ይመስለኛል። ባሏ በዚያው ክፍል፣ ከእኔ ጠረጴዛ ጎን፣ የእንስሳቱን ስም በእርሳስ ካርድ ላይ እየጻፈ ብልቃጡ ውስጥ ይከታል። ይከት ነበር። ከሞተ ሦስት ወሩ ነው።

አላለቀሰችም። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። እኔ ስነፋረቅ መሐረብ ያቀበለችኝ እሷ ናት። «ምንም አይሰማኝም። ጥርሴን ሊነቅሉኝ እንዳደነዘዙኝ ነው» አለችኝ።

እሷና ባሏ የተኳረፉት በአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት። አውራ ጣት የሚያክል ለስላሳ ነገር ነበር፤ ያየው ሁሉ ዛጎል የሌለው ዓይነት ነው ይላል፤ ምሁራኑም ይሳሳቱበታል። ብልቃጥ ግን ስታጥበው ጀርባውን ጫን አደረገችና «ከሥጋው ሥር ዛጎል አለው» አለች። ባሏ ሰው ፊት «ብልቃጥ አጣቢ ምን ያውቃል!» አላትና «ዛጎል የሌለው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ውስጥ የቀረው ንግግር «ጨው አቀብለኝ» እና «በሩን ዝጊው» ብቻ ነው። እልኸኛ እልኸኛን አግብቶ ማን ይሸነፍ?

ባለፈው ሳምንት አዲሷ አለቃችን የተሳሳተ ካርድ ሁሉ ይታረም አለች። ወደ ብልቃጥም ዞረች።

«እርስዎ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። እዚህ መደርደሪያ ላይ ስሕተት አለ?»

ብልቃጥ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው መለሰች። ለማሸነፍ የቀራት አንድ ቃል ነበር። እኔ በልቤ በዪው፣ በዪው እላለሁ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ አለ።»

አለቃችን የእንስሳውን ጀርባ በምላጭ ቀስ አድርጋ ከፈተችው። ጥፍር የመሰለ ስስ ነጭ ዛጎል ከቆዳው ሥር ተኝቷል። «እውነትዎን ነው!» አለች። የብልቃጥ ፊት አልተፈታም። ደስታውም እንደ ለቅሶው አልመጣላትም። አሮጌውን ካርድ ልታወጣ ወረንጦ አነሳች።

ካርዱ ለሁለት የታጠፈ ነበር። ስትዘረጋው ውስጡ በባሏ ደቃቅ ጽሕፈት «ባለቤቴ ዛጎል አለው ትላለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ቀኑ የተጣሉበት ቀን ነው።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለእኔም ሰጠችኝ። አሁንስ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንባ የለም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እዚሁ አጠገቡ ነበርኩ እኮ» አለችኝ። «ዞር ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»