የሙሴው ቅጽልና ያላነበብኩላቸው ደብዳቤ

ሰው ሲሰማ ይስቃል። «አንተ የሶዶ ልጅ፣ ዳዊት ደግመህ ያደግክ፣ መስኮብኛ ከየት አመጣህ?» ይለኛል። ከሙሴው ነዋ! ነገሩ ጣሊያን አገራችን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሙሴ የምንላቸው ፈረንጅ፣ ንጉሣቸው ሲገደሉ ከመስኮብ አገር፣ ከሩሲያ፣ የተሰደዱ ሽማግሌ ነበሩ። ከሶዶ ወደ ተበላ የሚወርደውን መንገድ እንዲቀይሱ ተቀጥረው መጡ፤ እኔ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ፣ የመለኪያ ሰንሰለት ጎታችና ቁጥር መዝጋቢያቸው ሆንኩ። መንገዱ ሳያልቅ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሥራው ለሌላ ተሰጠ፤ እሳቸው ግን የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታቸው ቀሩ።

በዚህ ዓለም የቀረቻቸው አንዲት ታላቅ እህት ነበረች። እሷም ተሰዳ፣ በአንድ የባሕር ወደብ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። ዓይናቸው መጥፋቱን እንድታውቅ አልፈለጉም። ስለዚህ ደብዳቤዋን የሚያነብላቸው፣ መልሱንም የሚጽፍላቸው ሰው አስፈለጋቸው። «ቋንቋዬን ተማር» አሉኝ። እሺ አልኩ። እምቢ ለማለትም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል፤ እኔ ያን ሰሞን ጉልበት አልነበረኝም።

እናቴ የሞተችው እኔ ተበላ ቆላ ሰንሰለት ስጎትት ነው። አባቴ ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ፣ ልጁ ሥራውን እንዳይፈታ ብሎ፣ አንድ ወር ሙሉ ደበቀኝ። ከዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ መጥተው መርዶዬን ነገሩኝ። አላለቀስኩም። ሴቶቹ «ይሄስ ሆዱ ድንጋይ ነው» አሉ። ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት በግዛቱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እገለብጣለሁ፣ ከሰዓት ሙሴው ዘንድ እሄዳለሁ። ያ ብቻ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ሁልጊዜ «ቪዡ» ብለው ነው። «አያለሁ» ማለት ነው። ማየት ያቆመ ሰው ከሰዓቱን ሙሉ አያለሁ ሲያሰኘኝ፣ ወይ ጉድ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንላቸው ነበር። እኔ ዝም ብዬ እደግማለሁ። የእነሱ ቅጽል ጣጣው ብዙ ነው። እኛ «አሮጌውን ቤት አየሁ፣ አሮጌውን በቅሎ አየሁ» ብለን በአንዲት «ን» እንገላገላለን። እነሱ ዘንድ ግን የሚታየው ነገር ወንድ ከሆነና ነፍስ ከሌለው ቅጽሉ ንቅንቅ አይልም፤ «ቪዡ ስታሪ ዶም»፣ አሮጌውን ቤት አያለሁ። ነፍስ ካለው ግን ጭራው ይለወጣል፤ «ቪዡ ስታራቮ ሙላ»፣ አሮጌውን በቅሎ አያለሁ። ሴት ከሆነች ደግሞ ነፍስ ይኑራት አይኑራት አይጠይቁም፤ «ኖቩዩ ዳሮጉ»፣ አዲሷን መንገድ። ስሳሳት በከዘራቸው ወለሉን ይመቱና «እንደገና!» ይላሉ። «የሞተ ሰውስ ከየትኛው ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ነፍስ ካላቸው» አሉ።

በዓመቱ ደብዳቤ መጻፍ ቻልኩ። የሚያስጽፉኝ ሁሉ የአየር ጠባይና የአገር መልክ ነው። «ቪዡ ቪሶኩዩ ጎሩ»፣ ከፍተኛውን ተራራ አያለሁ፤ አረንጓዴውን እንሰት አያለሁ፤ ቀዩን አፈር አያለሁ። እህታቸውም ስለ ሰማያዊው ባሕር ትጽፋለች። ከአንገት በላይ የሆነ መጻጻፍ! ምን ሆናችሁ ነው ስላቸው ነገሩኝ። በስደቱ ጊዜ እህታቸው የታመመች እናታቸውን ወደቡ ላይ ትታ መርከብ ተሳፈረች። እናትየዋ እዚያው ሞተች። ሙሴው ይሄን ይቅር ሳይሏት አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። «ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልሰጠኋት» አሉ።

ሰኔ ሲገባ ደብዳቤ መጣ። የእሷ ጽሕፈት አይደለም፤ በጎረቤቷ ያስጻፈችው ነው። በልቤ አነበብኩት። «ታምሜአለሁ፤ ሐኪሙ ከመከር አታልፊም ብሎኛል። ስለ እናታችን ይቅር በለኝ። አንዲት ቃል ጻፍልኝ፤ እየጠበቅኩ ነው» ይላል። ሙሴው ጆሯቸውን አቅንተው «እህስ፣ ምን አለች?» አሉኝ።

እንግዲህ በእኛ አገር ክፉ ወሬ እንዲህ ብድግ ተብሎ አይነገርም። ሕግ አለው። ሙሴው ብቻቸውን ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ደግፎ የሚይዛቸው ዘመድ የለም፤ ምግብ እንኳ በጭቅጭቅ ነው የሚበሉት። «ደኅና ነኝ ትላለች» አልኳቸው። ባዶውን ወረቀት እንደሚያነብ ሰው፣ በማውቃቸው ቅጽሎች ሁሉ ባሕሩን ሰማያዊ፣ ወንበሩን አዲስ፣ ድመቷን ነጭ አደረግኩላቸው። ሁለት ቦታ ጭራውን ሳትኩ። ሙሴው ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው «በደንብ አንብብ! እህቴ እንዲህ አትሳሳትም» አሉ። አርሜ አነበብኩ።

ማታውን አባቴን አማከርኩት። «የታመመ ዘመድ ወሬ ለሩቅ ሰው ምን ያደርግለታል? ሄዶ አያድናት!» አለ። «ክረምቱ ይውጣ፤ ሰውዬው ይጠና። ያኔ ሰው ሰብስበን እንነግረዋለን።» ነገሩን ስነግራቸው፣ ለሙሴው ምግብ የሚሠሩት ጎረቤት የወላይታ እናት ብቻ አልተዋጠላቸውም። ሙቹዋ የሚሉትን የእንሰት ምግብ በቅቤ እያሹ «ሰው እህቱ ሲታመም አይነገረውም እንዴ? ደብዳቤው መልስ ይፈልጋል እኮ!» አሉኝ። «ሆድ ይፍጀው፣ እናቴ» አልኳቸው። እሳቸው ትክክል ነበሩ። እኔ ግን በእኔ ላይ የተደረገውን ለሌላው ማድረግ ወግ መስሎኝ ነበር። ስለ ይቅርታው ለአባቴም አልነገርኩትም፤ የሰው ገመና ነው ብዬ። ያቺ አንዲት ቃል እንደምትጠበቅ የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

ከዚህ የባሰው ገና ነው። በሳምንቱ ሙሴው መልስ አስጻፉኝ። ለዚያ እኔ ለፈጠርኩት ደብዳቤ መልስ! ተራራውን፣ እንሰቱን፣ አፈሩን። «ለነጯ ድመትሽ ሰላም በያት» አሉ። ጻፍኩ። አንድም ጭራ አልሳትኩም። ልተወው፣ ልቀደው፣ ከታች አንዲት ቃል ልጨምርበት እችል ነበር፤ ጭራሽ በሐሳቤም አልመጣም። ከአዲስ አበባ ለመጣው የፖስታ በቅሎ ነጂ ሰጠሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጥቅምት ላይ የጎረቤቷ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። እህትየዋ በመስከረም ሞታለች። እንግዲህ መርዶ ነው፤ መንገዱም ደርቋል፤ አባቴ ሰው ሰበሰበ። ንጋት ላይ አሥር የምንሆን ሰዎች ሙሴው በር ላይ ቆምን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ከእኔ ጋር ሰንሰለት የጎተቱ ሰዎች፣ እኚያ የወላይታ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አባቴ ገብቶ በአማርኛ «እግዜር ያጽናዎት፣ ሙሴ፤ እህትዎ አርፈዋል» አላቸው። ሙሴው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ሰው ሁሉ ተጨነቀ፤ ያላለቀሰ ሐዘንተኛ ያስፈራል። እኔ ግን አወቅኋቸው። የእኔም ፊት ያኔ እንደዚያ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ በመስኮብኛ «ደብዳቤውን አንብብልኝ፤ አንድም ቃል እንዳትዘል» አሉኝ። አነበብኩ። ጎረቤትየዋ እንዲህ ብላለች፤ «የመጨረሻ ደብዳቤዎ ነሐሴ ላይ ደርሶልናል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ተራራውና ስለ እንሰቱ ሰማች። ስለ አንዲት ነጭ ድመትም አለበት፤ እኛ ግን ድመት የለንም። ሲያልቅ ‹ሌላ ምንም የለውም?› አለችኝ። ‹የለውም› አልኳት። ‹እስኪ እንደገና አንብቢልኝ› አለች። ሁለቴ አነበብኩላት።»

«ምን ነበር የምትጠብቀው?» አሉ ሙሴው።

ያን ጊዜ ማምለጫ አልነበረኝም። ቢኖረኝም ሰልችቶኝ ነበር። የሰኔውን ደብዳቤ ከኪሴ አወጣሁ፤ አራት ወር ይዤው ዞሬአለሁ። እዚያው በሰው መካከል አነበብኩላቸው። ከእኛ ከሁለታችን በቀር ቋንቋውን የሚሰማ ማንም አልነበረም፤ ለቀስተኛው ጸሎት የምደግም መስሎት አንገቱን ደፋ። «ይቅር በለኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ሙሴው እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ሰኔ ላይ ይዘኸው ነበር?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እሷ ይቅር በለኝ አለችኝ፤ እኔ ስለ ድመት መለስኩላት» አሉ፤ በዝግታ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየለዩ። «በእኔ አፍ ጨከንክባት።»

አዝኜላቸው ነው፣ እንዲህ ነው ወጋችን፣ እናቴንም እንዲሁ ነው የደበቁኝ ልል ፈለግኩ። ደብዳቤውን አጥፌ አልጋቸው ላይ አኖርኩት። ሙሴው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ማልቀስ ጀመሩ። ድምፃቸው ከበር አልፎ ወጣ።

ውጭ የቆሙት ሰዎች እፎይ አሉ። ሴቶቹም ተቀብለው እዬዬ አሉላቸው። አባቴ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ «እሰይ፣ አለቀሱ፤ ይውጣላቸው። አየህ፣ ጊዜውን ጠብቀን መንገራችን በጀ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።